የሜርል መነጽርና የምንጩ ዳር ሙግት

ሜርል ኪስትለር ሁለት ዓመት በተከታታይ አጋዘን ስቷል። ይህን ለማወቅ እሱን መጠየቅ አያስፈልግም። ፖተር ካውንቲ ጫካ ውስጥ ያለው የአደን ጎጆ ግድግዳ ላይ የሁለት ሸሚዞቹ ጭራ በምስማር ተመትቶ ተንጠልጥሏል። የጎጆው ሕግ ነው፤ ተኩሶ የሳተ ሰው የለበሰው ሸሚዝ ከወገብ በታች በመቀስ ይቆረጥና ስሙ ተጽፎበት ከምድጃው በላይ ይሰቀላል። የሜርል አንዱ ቀይ ዳማ ዳማ ነው፣ ሌላው አረንጓዴ። አረንጓዴውን ሚስቱ ሎረታ ለልደቱ ስለገዛችለት፣ እሱ የተቆረጠ ዕለት ሜርል ሁለት ጊዜ ነው የተፈረደበት፤ አንድ ጊዜ ጎጆው ውስጥ፣ አንድ ጊዜ ቤቱ ሲገባ።

ሸሚዙስ ይሁን፣ ሌላ ይገዛል። የሚያስፈራው ሦስተኛው ነው። ሦስት ዓመት ያለማቋረጥ የሳተ ሰው ማድፈጫውን ይለቅና ነጂ ይሆናል። ነጂ ማለት ጠመንጃውን ጎጆ ውስጥ ትቶ፣ ብርቱካናማ ሰደርያውን ለብሶ፣ እሾህ ለእሾህ እየዞረ "ሆይ! ሆይ!" እያለ አጋዘኑን ወደ ሌሎቹ ተኳሾች የሚያባርር ሰው ነው። የሜርል ማድፈጫ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የሚለቀቅ አይደለም። ምንጩ ዳር፣ ትልቅ ዛፍ ላይ፣ አባቱ በገዛ እጁ ጣውላ ቆርጦ የሠራው መቀመጫ ነው። ሽማግሌው ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው "እንግዲህ ያንተ ነው" ብለው ሰጥተውት ፍሎሪዳ ገቡ። እዚያም ሆነው ላገኙት ሁሉ "ልጄ ምንጩ ዳር ነው የሚቀመጠው" እያሉ ያወራሉ። ሰሚዎቹ ሹመት ይመስላቸዋል።

ሜርል ቢለቅ ተራው የጌለን ነው። ጌለን የሎረታ ታላቅ ወንድም ነው፤ የእሱ ማድፈጫ ከምንጩ ፊት ለፊት ካለው ጉብታ ላይ ነፋስ እንደፈለገ የሚጫወትበት ቦታ ነው። ለዓመታት ከዚያ ሆኖ ምንጩን ቁልቁል ሲያይ፣ የሰው ሰርግ በአጥር ቀዳዳ የሚያይ ሰው ይመስላል።

ሜርል ክረምቱን ሙሉ ጥፋተኛውን ፈለገ። ራሱን አልጠረጠረም። ሥራው የትምህርት ቤት ማሞቂያ መጠገን ነው፤ ማሞቂያ አልሞቅም ሲል ዕቃ ይቀየርለታል እንጂ ልምምድ ያንሰዋል አይባልም። እና አንድ እሑድ፣ ኩሽናው ውስጥ፣ ጠመንጃውን እንደ ታማሚ ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ ሁለት ሐኪሞች ጠራ። አንዱ ጌለን ነው። ሁለተኛው ፖስታ ቤት የሚሠራው ጓደኛቸው ድዋይት ነው።

"ችግርህ ዓይንህ ነው" አለ ጌለን፣ የሎረታን የፖም ኬክ እየቆረጠ።

"ዓይኔ ምንም አልሆነ።"

"ምንም አልሆነም፤ ግን ረዳት የለውም። ይቺ ጠመንጃህ ላይ የታሰረች የአባትህ መነጽር እኮ የሰዓት ሠሪ መነጽር ናት። አጋዘኑ አንተን ቁልጭ አድርጎ ያይሃል፤ አንተ እሱን የምታየው በወሬ ነው።"

"ተወው ዓይኑን" አለ ድዋይት። "ጠመንጃ የሚያዘው በዓይን ነው? እጀታዋን ንካት እስቲ። ልሙጥ። በላብ ስትርስ ሳሙና ናት። መያዣውን ቀይር፣ የቀረው ራሱ ይስተካከላል።"

"መያዣ ሲቀየር ምን ያያል? መዳፉን?"

"ሳይጨብጡ ከማየትስ!"

ሎረታ ሳህን እያጠበች ጀርባዋን እንደሰጠች "እኔ የምለው፣ ወጣ ብሎ ትንሽ ቢለማመድስ?" አለች።

ሦስቱም ቀብር ላይ ዳንስ የጠየቀች ይመስል አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ጌለን ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ መስታወት ጥራት ቀጠለ።

ስለ ጌለን አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ጌለን ሸሚዙ ተቆርጦ አያውቅም። ሥጋም ይዞ አያውቅም። በየዓመቱ ከጉብታው ይወርድና እጁን ምድጃው ላይ እያሞቀ "አንድ ቀንዳም መጣ። አየሁት። ይደግ ብዬ ተውኩት" ይላል። መጀመሪያ ሰሞን ሰዉ ይስቅ ነበር። ሲደጋገም ግን ስም ሆነለት፤ ጌለን የሚራራ፣ ጌለን ለጫካው የሚያስብ። ቤተክርስቲያን ውስጥ ሳይቀር ስለ ትዕግሥት ሲሰበክ ወደ እሱ ዞር የሚሉ ነበሩ። እንዲህ ያለ ሰው ስለ መነጽር ሲናገር ማን ይከራከረዋል?

ሦስቱ ተያይዘው ጠመንጃ መሸጫው ሄዱ። ሻጩ ባንኮኒው ላይ መነጽሮቹን ከትንሽ እስከ ትልቅ ደረደረላቸው። ትንሿ ቀይ ነጥብ ብቻ የምታሳይ፣ አውራ ጣት የምታህል ነገር ናት። ትልቁ መነጽር ርዝመቱ የክንድ፣ ክብደቱ የሕፃን ነው።

"ከተቀመጥክበት እስከምትተኩስበት ምን ያህል ይርቃል?" ብሎ ጠየቀው ሻጩ።

ሜርል በመስኮቱ ወደ መኪና ማቆሚያው አየ። "እስከዚያ ቀይ መኪና ቢሆን ነው።"

"እንግዲያ ትንሿ ትበቃሃለች። ሁለቱንም ዓይንህን ከፍተህ ነጥቧን ማስቀመጥ ብቻ ነው።"

ጌለን ሻጩን በሐዘኔታ አየው። "ወንድሜ፣ ሰውየው ነጥብ መች ጠፋው? አጋዘን ነው የጠፋው። ትልቁን አምጣው።"

"ትልቁ ለሜዳ ነው። ጫካ ውስጥ ..."

"ትልቁ ሩቅ ያለውን የሚያሳይ ከሆነ ቅርብ ያለውን እንዴት ያቅተዋል?"

ሻጩ አንድ ጊዜ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ገዢ መሆናቸውን አስታውሶ ዘጋው። ሜርል ትልቁን አንስቶ በመስኮቱ ሲመለከት ከመንገዱ ማዶ ያለው የጥርስ ሐኪም ቤት ሰሌዳ ላይ የተሳለው ጥርስ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ልቡ ተነካ። እንዲህ ያለ ጥርስ በሕይወቱ አላየም።

የእጀታው ምርጫ የድዋይት ተራ ነበር። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሁሉ አንድ በአንድ እያወረደ ሜርልን አስጨበጠው። አንዱን "ይሄ የፓስተር እጅ ነው" ብሎ መለሰው። የጣት ቦታ የተፈለፈለለትን "ይሄ ያንተን ጣት ሳይሆን የሌላ ሰው ጣት ነው የሚያውቀው" አለው። መጨረሻ ላይ ጥቁር ጎማ የሆነ፣ ላዩ በሙሉ እንደ አዞ ጀርባ የሻከረ አንድ መያዣ አወረደ። ሜርል ጨበጠና እጁን ሰብሰብ አደረገ።

"ነከሰችህ?"

"ትንሽ።"

"እሷ ናት" አለ ድዋይት።

መነጽሩም እጀታውም በጌለን እጅ ታሰሩ። ጠመንጃዋ ከዚያ ወዲህ ጠመንጃ አትመስልም ነበር፤ ማሞቂያ ክፍል ውስጥ የሚገኝ ስሙ የማይታወቅ ዕቃ ትመስላለች። መኸር ላይ፣ ሞቃት ቀን፣ ተኩስ ሜዳው ሄደው ጠመንጃዋን አሸዋ ከረጢት ላይ አስተኝተው፣ የማጉያውን ቀለበት ከሱቅ እንደመጣ እስከ መጨረሻው አጉልቶ ትተው፣ ሩቅ የቆመ ወረቀት ላይ ተኮሱባት። ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ ተነካኩ። ሜርል እንደዚያ ተኩሶ አያውቅም።

ጌለን ጣቱን አነሳ። "ተስተካክላለች። ከእንግዲህ ምኗንም እንዳትነካ። ያሰርኩትን፣ ያስተካከልኩትን፣ ምንም።"

ሜርል ምኗንም አልነካም። እስከ አደኑ ቀን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አስቀመጣት። ሎረታ አልጋቸው ላይ የነበረው ብርድ ልብስ የት እንደገባ ስትጠይቅ ማጠቢያ ቤት አላት።

የመክፈቻው ቀን ጠዋት በረዶ ጥሎ ነበር። ሜርል ወፍራም ካፖርቱን፣ የሱፍ ጓንቱን አድርጎ ምንጩ ዳር ወጣ። ጣውላው ላይ ተቀመጠ። ጫካው ዝም ብሏል። ከዚያ ምንም ሳይሰማ፣ ከየት እንደመጣ ሳይታይ፣ አንድ ቀንዳም ምንጩ አጠገብ ቆሞ አገኘው። እንደ ወንበር ጀርባ የሰፋ ቀንድ ነው ያለው። ሜርል ከኩሽናው ጠረጴዛ እስከ ጓሮው በር የሚሆን ርቀት ላይ ነበር።

ቀስ ብሎ ጠመንጃዋን አነሳና መነጽሩ ውስጥ ገባ።

ጠጉር አየ። ቡናማ ጠጉር፣ አንዱ ዘለላ ከሌላው ተለይቶ፣ ጫፉ ላይ የቀለጠ በረዶ ጠብታ ሳይቀር። የማን ጠጉር እንደሆነ ግን ማወቅ አልቻለም። የጎን ነው? የጀርባ ነው? ወደ ግራ ሄደ፤ ጠጉር። ወደ ቀኝ ሄደ፤ ጠጉር፣ ከዚያ በድንገት የዛፍ ቅርፊት። ተመለሰ። አንድ ጥቁር እርጥብ ነገር አየ። አፍንጫ መሆኑን ገምቶ ከአፍንጫው ወደ ትከሻው በእግር ለመሄድ ሞከረ፤ መንገድ ላይ ጠፋ።

ከመነጽሩ ወጥቶ በዓይኑ አየ። አጋዘኑ እዚያው ነው፣ ሙሉ ነው፣ ያማረ ነው። ተመልሶ መነጽሩ ውስጥ ገባ። ጠጉር።

ያኔ ቀለበቱ ትዝ አለው። ማሞቂያ ጠጋኝ ነውና፣ ቢዞር ማጉላቱ እንደሚቀንስ ያውቃል። ምኗንም እንዳትነካ መባሉንም ያውቃል። ከራሱ ጋር እየተሟገተ ቀኝ እጁን ወደ ቀለበቱ ሊልክ ሲል እጁ እምቢ አለው፤ የጓንቱ ሱፍ የእጀታው ሻካራ ጥርስ ውስጥ ገብቶ ተነክሷል። ሳብ አደረገው። ጠበቅ አድርጎ ሲስበው እጁ ባዶውን ወጣና ጓንቱ ጠመንጃዋን እንደጨበጠ ቀረ። ጠመንጃውን የሚይዘው ጓንት፣ ጓንቱን የሚያየው ሜርል ሆኑ። አጋዘኑ ጆሮውን አንቀሳቀሰ፣ ውሃውን ጠጥቶ ጨረሰ፣ ቀና ብሎ ይህን ሁሉ ትንሽ ጊዜ ተመለከተ፣ ከዚያ ሳይሮጥ ሄደ።

ወዲያው ከጉብታው የጌለን ድምፅ መጣ። "ሜርል! ተኝተሃል እንዴ?"

እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ወደ ጎጆው ተመለሱ። ጠመንጃ ወደ ሙቀት ሲገባ መስታወቱ ስለሚላብ ጥይቱን አውጥቶ ጠመንጃውን በረንዳው ላይ መስቀል ልማድ ነው። ውስጥ ጌለን ወሬውን ጀምሮታል። "ከምንጩ ዳር ቆሞ! የዓይኑን ሽፋሽፍት አየሁት እኮ! እኔማ የሰው ቦታ ነው ብዬ ተውኩት።" ድዋይት ራሱን ይነቀንቃል። ምሽት ላይ፣ ከእራት በፊት፣ ችሎት ይኖራል ተባለ።

ሜርል በረንዳው ላይ ቀረ። የጌለን መነጽር እንዴት እንደተስተካከለ አይቶ የራሱን ሊያርም አሰበ። የጌለንን ጠመንጃ አወረደ፣ ባዶ መሆኗን ሁለት ጊዜ አረጋገጠ፣ ግቢው ውስጥ ያለውን ዛፍ አየባት። ቅርፊት። ወደ ግራ፤ ቅርፊት። ቀለበቱን ሊያዞር ሞከረ። አልዞር አለ። አጎንብሶ ሲያየው ቀለበቱ ላይ ከነሳጥኑ ሲገዛ የተለጠፈው ወረቀት ዙሪያውን እንደታሸገ ነው፤ ሙጫው ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ቀለበቱ ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም።

ሜርል ወረቀቱን በጥፍሩ ሲነካ የጌለን ቃል በጆሮው መጣ። አንድ ቀንዳም መጣ። አየሁት። ይደግ ብዬ ተውኩት።

"ምን ትነካካለህ?" ጌለን በሩ ላይ ቆሟል።

"ጌለን፣ ይሄ ነገር ይዞራል እንዴ?"

ጌለን በሩን ከኋላው ዘጋ። ወደ ወረቀቱ አየ፣ ወደ ሜርል አየ፣ ወደ ዛፉ አየ። "ምኑ?"

"ቀለበቱ።"

"አይነካም ተብሎ ነው።"

"ማን አለ?"

የጌለን ፊት ቀስ እያለ የቀይ ሸሚዙን ቀለም መሰለ። "ስንት ዓመት እኮ ... መስሎኝ ነው። አጋዘን ቅርብ ሲመጣ እንዲህ ነው የሚታየው መስሎኝ ነው። ለሰው ምን ልበል? ጠጉር አየሁ ልበል?"

"ይደግ አልካ።"

"ይደግ አልኩ።"

ሜርል የምንጩን ዳር ዕጣ በእጁ ይዞት ነበር። ማታ ችሎቱ ፊት ይህን ወረቀት ቢያሳይ መነጽሩን ማን እንደመረጠው፣ ማን እንዳሰረው፣ ማን አትንካ እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ ጥፋቱ ከእሱ ጫንቃ ላይ ይወርዳል። ጌለንም ከዚያ ወዲያ በፖተር ካውንቲ ጫካም ሆነ በቤተክርስቲያን አግዳሚ ላይ ቀና ብሎ የሚቀመጥበት ቦታ አይኖረውም። ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የገና ምሳ አለ። ጌለን ከጠረጴዛው ማዶ ይቀመጣል። ሎረታ መሐል ትቀመጣለች።

"ልትናገር ነው?" አለ ጌለን።

ሜርል ጠመንጃዋን መልሶ ሰቀላት። "ጥፍር ካለህ ወረቀቷን ላጣት" ብሎ ገባ።

የችሎቱ ዳኛ ሰዉ በአክብሮት ሚስ ቨርና የሚላቸው ሴት ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ በጎጆው የነበራቸው ድርሻ ለእሳቸው ተላለፈ፤ የልብስ ስፌት መቀሳቸውን ይዘው ስለመጡ የመቁረጡ ሥልጣንም አብሮ ተላለፈ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የተማሪ አውቶቡስ ሲነዱ ስለኖሩ፣ ዞር ብለው አንዴ ካዩ ጎጆው በሙሉ ጸጥ ይላል። ወንበራቸው ላይ ተደላድለው መቀሱን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

"ከሳሽ ማነው? ጌለን ነህ አሉ። ተናገር።"

ጌለን ተነሳ። ቀኑን ሙሉ "ሽፋሽፍቱን አየሁት" ሲል የዋለው ጌለን ጉሮሮውን ጠረገ። "ሚስ ቨርና፣ እኔ ነገሩን ሳስበው፣ ሕጉ ምን ይላል? ተኩሶ የሳተ ይላል። ሜርል ተኩሷል?"

"አልተኮሰም።"

"ያልተኮሰ ሰው ስቷል ይባላል? እንዲያ ከሆነማ እዚህ ያለነው ሁላችንም በየደቂቃው ስንስት ነው የምንኖረው። ድዋይት አሁን የቺሊ ወጡን ሲያማስል አጋዘን እየሳተ ነው ማለት ነው።"

"እኔን አታስገባኝ" አለ ድዋይት ከምድጃው አጠገብ። "ደግሞስ አንተ አይደለህ ቅድም ሸሚዙ ይቆረጥ ያልከው?"

"ሰው ያስባል እኮ፣ ድዋይት። አንተም አንድ ቀን ሞክረው።"

ሚስ ቨርና ጌለንን ከመነጽራቸው በላይ አዩት። ከዚያ ሜርልን አዩት። አውቶቡስ ውስጥ የተደበቀ ነገር ማሽተት የለመደ አፍንጫቸው አንድ ነገር አገኘ። "አንተ ሜርል፣ ቀንዳሙ አፍንጫህ ሥር ቆሞ ለምን አልተኮስክም?"

ሜርል ጌለንን አላየም። ጫማውን አየ። "እንግዲህ ... ይደግ ብዬ ነው።"

ጎጆው በሳቅ ፈረሰ። ጌለን ብቻ አልሳቀም።

"መልካም" አሉ ሚስ ቨርና ሳቁ ሲበርድ። "አልተኮሰም፣ ስለዚህ አልሳተም። ሸሚዙ ይትረፍለት። ነጂም አይሆንም።" ሜርል ትንፋሹን ለቀቀ። "ግን አንድ ነገር ቀርቷል። ምንጩ ዳር ቀንዳም ይመጣል፣ ሰው ይቀመጣል፣ አይተኮስም። ጉብታው ላይም ቀንዳም ይመጣል፣ ሰው ይቀመጣል፣ አይተኮስም። ሁለታችሁም አዛኝ ናችሁ። ሥራ የፈታ ቦታ ደግሞ ጎጆውን ይጎዳል፤ ሥጋ የምንበላው ከየት ነው? ስለዚህ ተከራካሪዎቹ እስኪያስቡበት ምንጩ ዳር በእኔ አደራ ይሆናል። ነገ ጠዋት እኔ እቀመጣለሁ። እናንተ ሁለት አዛኞች ትነዱልኛላችሁ፤ የአንድ ቀን መንዳት ነጂ አያሰኝም።"

"ሚስ ቨርና፣ ቦታው የአባቴ ..." አለ ሜርል።

"አባትህን አውቃቸዋለሁ፤ እሳቸው ይተኩሱ ነበር። እራት ይቅረብ።"

ይግባኝ የለም።

በማግስቱ ሜርልና ጌለን ባዶ እጃቸውን፣ ጎን ለጎን፣ እሾህ ውስጥ "ሆይ! ሆይ!" እያሉ ገቡ። ጌለን ነፋስ ላይ መቀመጥ እንጂ እሾህ አያውቅም፤ ሱሪው ተቀደደ። ትንሽ እንደሄዱ ከወደ ምንጩ አንድ ተኩስ ተሰማ። አንድ ብቻ። ደርሰው ሲያዩ ሚስ ቨርና ከጣውላው ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው ሳንድዊች ይበላሉ፤ ቀንዳሙ በረዶው ላይ ተዘርግቷል።

"ጥሩ መቀመጫ ነው" አሉ ከላይ ሆነው። "ጀርባን ይደግፋል። ለምን ቀደም ብሎ አልተነገረኝም? አሁን በሉ፣ ጎትቱልኝ።"

ጎተቱ። መንገዱ ላይ ጌለን አንዴ ቆሞ ላቡን ጠረገ። "ሜርል" አለ።

"እ?"

"ወረቀቷን ላጥኳት።"

"ዞረች?"

"ዞረች።" ገመዱን እንደገና ትከሻው ላይ አደረገ።

ስልክ የሚይዘው የማገዶ ክምሩ ላይ ሲወጡ ብቻ ስለሆነ፣ ሜርል ማታ የቺሊ ሳህኑን ይዞ እዚያው ላይ ወጣና ቤቱ ደወለ።

"ሸሚዝህስ?" አለች ሎረታ።

"ደህና ናት።"

"ጎሽ። ምንጩ ዳር ያው አንተ ነህ?"

"ሚስ ቨርና ለጊዜው በአደራ ይዘውታል።"

"ቨርና? እናቴ በአደራ የሰጠቻት የኬክ መጋገሪያ ሳህን እኮ ዛሬም እሷ ቤት ነው።"

"ለጊዜው ነው ያሉት" ብሎ ችሎቱን ባጭሩ ነገራት፤ የወረቀቷን ነገር ብቻ ዘለለው።

"ሜርል፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ያንን ቱቦ የሚያህል መነጽር የመረጠልህ ጌለን አይደለም? ያሰረልህም እሱ፣ አትንካ ያለህም እሱ። ለምን ያንን አልተናገርክም? አንድ ቃል ብትናገር ይፈረድልህ ነበር እኮ።"

ከታች፣ በጎጆው መስኮት፣ ጌለን ይታያል። ምድጃው ፊት ቆሞ እጁን እያሞቀ ለድዋይት አንድ ነገር ያስረዳል፤ በጣቶቹ አየሩ ላይ ቀለበት እያዞረ።

"ሎረታ" አለ ሜርል፣ "ቺሊው እየቀዘቀዘብኝ ነው።" ስልኩን ዘግቶ ከክምሩ ላይ ወረደ።